ጨምሩልኝ ብላቸው ቀነሱልኝ፦ ስለ አንዲት የፒያሳ ጥገና ቤት

የሚቸኩል ሰው ባይሄድ ይሻላል፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ቤቷ የማስታወቂያ ሰሌዳ የላትም፤ ባለቤቷም ስልክ የሚያነሡት ሲመቻቸው ብቻ ነው። ከሀገር ፍቅር ቴአትር ብዙም ሳይርቅ፣ ከ2016ቱ የፒያሳ ፈረሳ ተርፎ በቆመ አሮጌ ቤት ሥር፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማታስቆም ክፍል ውስጥ ይሠራሉ። ምልክቷ በሯ ላይ የተቆለሉት ሆዳቸው የተዘረገፈ ቴፖች ናቸው። እኔን የጠቆመኝ የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ነው፤ የእሱን ሬዲዮ ሦስት ጊዜ ከሞት አስነሥተውለታል።

እኔ ግን ይዤ የሄድኩት ሬዲዮ አይደለም፤ በእጄ የሠራሁትን የጊታር አምፕሊፋየር ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ጊታር የጀመርኩት ዘግይቼ፣ በ29 ዓመቴ ነው። የአዲስ አምፕሊፋየር ዋጋ ጠይቄ የተነገረኝን ቁጥር ከደመወዜ ጋር ሳስተያየው ራሴ ብሠራው ይሻላል አልኩ። ሣጥኑ ከቤት ተገኘ፦ የአያቴ የእንጨት ሬዲዮ፣ ፊቱ በጨርቅ የተሸፈነ፣ ዳር ዳሩ እስካሁን የሚያብለጨልጭ። የሆድ ዕቃውን እንዳለ አውጥቼ በፌስታል ጠቀለልኩና አልጋ ሥር አስገባሁት። የዚህ ኃጢአት ሒሳብ ኋላ ይመጣል።

በባዶው ሣጥን ውስጥ ቲዲኤ 2030 በምትባል ባለ 5 እግር ድምፅ አጉሊ ቺፕ የሚሠራ ዝግጁ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ተከልኩ። ስፒከሩን የገዛሁት ከመርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ ነው፤ 8 ኢንች፣ 8 ኦም፣ ከተጣለ ሞንታርቦ የወጣ። ሻጩ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ጫፎቹ ላይ ነካ ሲያደርግ ወረቀቱ ጠቅ ብሎ ወደ ፊት ዘለለ። ቴስተሬ 6 ኦም ገደማ ሲያነብ ተታለልኩ ብዬ ልጣላ ነበር፤ 8 ኦም የተባለ ስፒከር በቴስተር ሲለካ እንዲያ ዝቅ ብሎ እንደሚታይ የነገረኝ ራሱ ሻጩ ነው። እውነቱን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የኪሳራ ነው። የመጀመሪያዋ ቺፕ የሞተችው በእኔ የሒሳብ ስሕተት ነው፤ በሙያዬ ላለ ሰው የሚያሳፍር ስሕተት። ትራንስፎርመሩ 15-0-15 ቮልት፣ ማለትም ከመሃል ሽቦው በሁለቱም አቅጣጫ 15 ቮልት የሚሰጥ ነበር። መግለጫዋ ቺፗ በየአቅጣጫው እስከ 18 ቮልት ትችላለች ስለሚል 15 ይበቃታል አልኩ። ተለዋዋጩ መብራት ተስተካክሎ ካፓሲተር በሚባለው ኃይል አጠራቃሚ ውስጥ ሲጠራቀም ግን በ1.41 ይባዛል፤ 15ቱ 21 ይሆናል። አንዲት ጭስ ወጣች፣ አለቀ። ሁለተኛዋን በ12-0-12 ትራንስፎርመር ሠራኋት፤ ነገር ግን የቺፗ የጀርባ ብረት ከአሉታዊው ቮልት ጋር የተገናኘ መሆኑን ረስቼ ኃይል የማያሳልፈው ማይካ ወረቀት ሳይኖር ከሣጥኑ ላሜራ ጋር በብሎን አሰርኳት። ፊውዙ ሄደ፣ እሷም ተከተለችው። ሦስተኛዋ ሠራች።

ሠራች ስል ጮኸች ማለቴ ነው። ጊታሩ ሳይነካ እንኳ ከስፒከሩ ውስጥ አንድ የማያቋርጥ ጉርምርምታ ይወጣል። የጊታሩ ድምፅ ደግሞ ጋቢ እንደ ተከናነበ ሰው ንግግር የታፈነ ነው። አከራዬ እትዬ በግድግዳው ማዶ ሆነው «ልጄ፣ ወፍጮ ተክለሻል እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። በዚህ ጊዜ ነው ወደ ፒያሳ የወጣሁት። ሦስት ነገር ልጠይቅ ነበር፦ ጉርምርምታውን እንዲያጠፉልኝ፣ ጉልበቱን ወደ 30 ዋት እንዲያሳድጉልኝ፣ ድምፁን እንደ ሮክ ጊታር የሚሰነጥቅ ነገር እንዲጨምሩልኝ።

ባለሙያው ስድሳዎቹን ያለፉ ይመስሉኛል። መነጽራቸው በናስትሮ የተጠገነ ነው፤ ይህን ሳይ ትንሽ ተጠራጥሬ ነበር። ሣጥኑን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጠው ስፒናውን ሰኩ። ካቻቢቴ ያነሣሉ ብዬ ስጠብቅ እጃቸውን አጣጥፈው ማዳመጥ ጀመሩ። ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ከዚያ «ጊታሩን ይዘሻል? በይ ይህንን ድምፅ ፈልጊልኝ» አሉኝ።

«የቱን ድምፅ ጋሼ?»

«ይህንኑ የሚያጉረመርመውን። ኖታው የቱ ነው?»

ወፍራሙን ክር ይዤ በየፍሬቱ፣ በጊታሩ አንገት ላይ በተደረደሩት ብረቶች፣ ወጣሁ፤ 3ኛው ላይ ስደርስ ተገናኙ። ሶል ነው። ግን ልክ አልገጠሙም፤ ሁለቱ ድምፆች ተደራርበው በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላሉ። እሳቸው በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ ቆጠሩት። ከዚያ እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ፦ የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ጉርምርምታው 50 ቢሆን ኖሮ ሽቦው በአጠገቡ ካለ መብራት የለቀመው ነው እንል ነበር። ኃይልን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት ዳዮዶች መብራቱን ሲያስተካክሉት ግን እጥፍ ይሆናል፤ 100። የጊታርሽ 3ኛ ፍሬት 98 ነው፤ ልዩነቱ 2፤ እሱን ነው የቆጠርኩት። ስለዚህ በሽታው ከውጭ የመጣ አይደለም፤ ከራሱ ከትራንስፎርመሩና ከካፓሲተሮቹ ሰፈር ነው።

ለስድስት ዓመት ያህል ጊታር ስቃኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በቤቴ ሶኬት ውስጥ ሶል እንዳለ ማንም አልነገረኝም ነበር።

ቀጥለው የጊታሩን ጃክ ነቀሉት፤ ጉርምርምታው አልተለወጠም። የቮልዩሙን ቁልፍ እስከ መጨረሻ ዘጉት፤ ጠፋ። ከፈቱት፤ ተመለሰ። «ካፓሲተሩ ደርቆ ቢሆን ቮልዩም ሲዘጋም አይጠፋም ነበር» አሉና ሣጥኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈቱት። ጣታቸው በቀጥታ የሄደው የጊታሩ ጃክ ግራውንድ፣ ማለትም የመመለሻ ሽቦው፣ ወዳረፈበት ቦታ ነው። እኔ ሽቦ እንዳይረዝምብኝ ብዬ ከትራንስፎርመሩ የመሃል ሽቦ ጋር፣ በጣም የሚቀርበው ቦታ ላይ በይጄው ነበር። በዚያ ሽቦ ውስጥ ካፓሲተሮቹን የሚሞላው ኃይል በሰከንድ 100 ጊዜ እየተንደረደረ ያልፋል። ሽቦው ቀጭን ነው፤ ኃይሉ ባለፈ ቁጥር ጫፉና ጫፉ ላይ ትንሽ የቮልት ልዩነት ይፈጠራል፤ ጃኩ የቆመው በዚያ ላይ ስለሆነ ቺፗ ያንን እንደ ጊታር ትሰማዋለች። የከባድ መኪና መንገድ ዳር ተቀምጦ ክራር እንደ መቃኘት ነው። የጃኩን ሽቦ ነቅለው፣ አንድ ስንዝር የማይሞላ ሌላ ሽቦ ቆርጠው ሁለቱ ካፓሲተሮች ከሚገናኙበት ነጥብ ማዶ፣ ከሰሌዳው በኩል በየዱት። ሲከፍቱት ዝም አለ። የበራ አልመሰለኝም ነበር።

ይህ ሁሉ ከ20 ደቂቃ አልበለጠም። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ይህን ጽሑፍ በምስጋና ብቻ እጨርሰው ነበር።

ትራንስፎርመሩን በእጃቸው ነክተው «ለምን ይሞቃል?» አሉ። በ850 ብር የገዛሁት ነው፤ ላዩ ላይ 3 አምፔር ይላል፤ ሻጩም መዳብ ነው ብሎኛል። እሳቸው ምላጭ አውጥተው ከመውጫው ሽቦ ላይ መዳብ የሚመስለውን ቀለም ፋቅ ፋቅ አደረጉት፤ ከሥሩ እንደ ብር ነጭ ሆኖ ብቅ አለ። አሉሚኒየም። ከመዳብ ይልቅ ኃይል ያግዳል፤ ስለዚህ በዚያው ውፍረት የበለጠ ይሞቃል። የሸጠልኝን ሱቅ ስም አልጠራም፤ አንባቢ ግን ምላጭ በቦርሳው ይያዝ።

እንግዲህ ስለ 30 ዋቱ አነሣሁ። «ምን ሊሠራልሽ?» አሉኝ። ከጓደኞቼ ጋር ስንለማመድ እንዲሰማ ነው አልኳቸው። ዋት እጥፍ ሲሆን ጆሮ የሚያገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ እንደሆነ፣ ይህም ጆሮ ቢለየውም ትንሽ የሚመስለው ልዩነት እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ የባሰውን አደረጉ፦ ከአንድ የሞተ ቴፕ የወጣ፣ መዳቡ የተረጋገጠ 10-0-10 ትራንስፎርመር ገጠሙልኝ። በየአቅጣጫው 14 ቮልት፤ በ8 ኦም ስፒከር ላይ 9 ዋት ገደማ። ጨምሩልኝ ብዬ መጥቼ ቀንሰው ሊሰጡኝ ነው ብዬ ተናደድኩ፤ ፊቴም ሳይናገር አልቀረም። «ቺፗ በ12ቱ 17 ቮልት ላይ ነው የቆመችው፤ ወሰኗ 18 ነው፤ የእኛን መብራት ደግሞ ታውቂዋለሽ» አሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ አዲስ አበባ ውስጥ ፍሪጅ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። ዝም አልኩ።

የታፈነው ድምፅ ምክንያት ሌላ ነው፤ ይህ ዝግጁ ሰሌዳ ገዝቶ ጊታር ለሚሰካ ሁሉ ይጠቅማል። እነዚህ ሰሌዳዎች የተሠሩት ለስልክና ለቴፕ ነው፤ መግቢያቸው ላይ ያለው ተቃውሞ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ኦም ነው። የክሩን ንዝረት የሚለቅመው የጊታር ማግኔት ግን ደካማ ነው፤ እንዲህ ያለ ሸክም ሲጫንበት መጀመሪያ የሚጥለው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው። መፍትሔው ከፊቱ ቲኤል 072 የምትባል ትንሽ ቺፕ አቁሞ መግቢያውን 1 ሜጋ ኦም ማድረግ ነው። እንዲሁ አደረጉት። ስሰካው የመጀመሪያው ክር ላይ ጥፍሬ ሲነካ እንኳ ተሰማኝ፤ ጋቢው ወረደ።

ስንጥቅ ድምፁን በተመለከተ ተከራክረን ነበር። ድምፁን ሆን ብሎ የሚያበላሸውን ሰው አይወዱትም፤ «ዕድሜዬን ሙሉ የተሰነጠቀ ሳስተካክል ኖሬ አሁን ልሰንጥቅ?» ብለው ሣቁብኝ። ሁለት ዳዮድ ጀርባ ለጀርባ ማሰር ብቻ መሆኑን ያውቁታል። የሚያስቸግረው የትኛው ዳዮድ የሚለው ነው። ተራው ሲሊከን ድምፁን 0.6 ቮልት ገደማ ላይ በቢላ እንደ ተቆረጠ ቀጥ አድርጎ ይቆርጠዋል። እሳቸው ከመሳቢያቸው የብልቃጥ መድኃኒት ጠርሙስ አወጡ፤ ውስጡ እንደ ሩዝ ፍሬ የረዘሙ የመስታወት ዳዮዶች ነበሩ፤ ከድሮ ትራንዚስተር ሬዲዮዎች የተለቀሙ፣ ጀርመኒየም። እነዚህ ቀድመው፣ ከ0.3 ቮልት በታች ጀምረው፣ ቀስ እያሉ ነው የሚቆርጡት። ሁለቱንም ዓይነት በየተራ አስሰሙኝ። በሲሊከኑ የሚጮህ ንብ ነው። በጀርመኒየሙ አንዲት ክር ብቻ ይዤ በትዝታ ቅኝት ስወርድ ድምፁ ጉሮሮው እንደ ደረቀ ዘፋኝ ሻከር ብሎ ይወጣል፤ የምፈልገው ይህንን እንደሆነ እስካገኘው አላወቅሁም ነበር። ሦስት አራት ክር አብሮ ሲመታ ግን ይንቦጫረቃል፤ ይህ ጉድለት ነው። ማጥፊያ ቁልፍ ጨመሩልኝ፤ ቀዳዳውን በሞረድ ስላሰፉት ዙሪያው ተቦጫጭሯል።

ቅሬታዬን እዚሁ ልጨርስ። ለማክሰኞ ያሉኝ ሥራ ያለቀው በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ነው። ሁለት ጊዜ ቤቷ ተዘግታ ጠበቀችኝ፤ አንድ ጊዜ እያሉ «አልጀመርኩትም» አሉኝ። በንጹሕ መበየድ የሚችሉ ሰው ሆነው ሳለ የሣጥኑን ውስጥ ሲያዩት የሽቦው ቀለም ሁሉ አንድ ነው፤ ነገ ሌላ ሰው ቢከፍተው ምኑን ከምኑ ይለየዋል? ደረሰኝም የለም፤ እኔ በሙያዬ ይህን በዝምታ ማለፍ አልችልም። ከቴፕ የወጣው ትራንስፎርመር ደግሞ ራሱ ይንዘዛል፤ በስፒከሩ በኩል አይደለም፣ ብረቱ ነው የሚንቀጠቀጠው። ቫርኒሽ ቀቡት፤ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። «ሌሊት ብቻ ነው የሚሰማው» አሉኝ። እኔ የምለማመደው ሌሊት ነው።

ለዚህ ሁሉ የእጅ ዋጋቸው ከነዕቃው 1,200 ብር ሆነ። ከዚያ በፊት ለራሴ ስሕተት ያወጣሁት 2,700 ብር ነው፤ በደብተሬ ላይ ተጽፏል።

ሣጥኑን ልወስድ የሄድኩ ዕለት ያን በፌስታል የተጠቀለለ የሆድ ዕቃ ይዤ ሄድኩ። ቫልቭ፣ ማለትም ትራንዚስተር ሳይመጣ ድምፅ ያጎላ የነበረው የመስታወት ቱቦ፣ እንዳለው አውቃለሁ፤ ስለ ቫልቭ አምፕሊፋየር ያላነበብኩት የለም። የእንግሊዙ ቮክስ ኤሲ 30 አራት ኢኤል 84 የተባሉ ቫልቮች ይዞ እንደሚሠራ፣ በዚያ ዘመን ብዙ የአውሮፓ ሬዲዮዎችም ያንኑ ቫልቭ በአንድ በአንድ ይይዙ እንደነበር አውቃለሁ። የአያቴ ሬዲዮ ውስጥ አንድ ካለ ሁለተኛ አምፕሊፋየር አገኘሁ ማለት ነው። የቫልቮቹ ጽሑፍ ጠፍቶ ስለነበር በእጄ ልጠርገው ስል ጮኹብኝ፤ የቀረውም ቀለም በጣት ይለቅቃል። አንዱን ቀስ ብለው ነቅለው ወደ አፋቸው አስጠጉና «ሀህ» ብለው ተነፈሱበት። መስታወቱ ሲደበዝዝ ጽሑፉ ብቅ አለ፤ ለአፍታ ያህል። ዩኤል 84።

«ኢ አይደለም፤ ዩ ነው» አሉ። ፊታቸው ተለወጠ።

የመጀመሪያዋ ፊደል ቫልቩ በምን እንደሚሞቅ ነው የምትናገረው። ኢ ከሆነ በ6.3 ቮልት፣ ብዙውን ጊዜ በትራንስፎርመር በኩል ነው። ዩ ከሆነ ግን ቫልቮቹ እንደ ገና መብራት በአንድ መስመር ተሰልፈው በቀጥታ ከግድግዳው መብራት ይጠጣሉ፤ በመሃል ትራንስፎርመር የለም። የሬዲዮው ብረት ራሱ ከመብራቱ አንዱ ሽቦ ጋር የተገናኘ ነው። ባለ ሁለት እግር ስፒናውን አንድ ቀን ገልብጦ የሰካው ሰው 220 ቮልት ብረቱ ላይ ያገኛል። «ለሬዲዮ ግድ የለም፤ እጅ የሚነካው እንጨትና ፕላስቲክ ነው። የጊታርሽ ክር ግን ብረት ነው፤ ከማጉያው ብረት ጋር የታሰረ ነው፤ አንቺ ደግሞ ክሩን በጣትሽ ይዘሽ ነው የምትቆሚው» አሉ።

ከግድግዳው መብራት የሚለየው መለያ ትራንስፎርመር በመሃል ቢገባስ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ይህንንም አንብቤያለሁ። እዚህ እሳቸው ጠረጴዛ ላይ እንደዚያ አድርገው እንደሚሠሩ አልካዱም። «እኔ ከሞትኩ በኋላ አንድ ቀን ጓደኛሽ ቤት ይዘሽ ትሄጃለሽ፤ ትራንስፎርመሩ ይከብድሻል፤ ትተሽው ትሄጃለሽ» ብለው የነቀሉትን ቫልቭ ወደ ቦታው መለሱት። ሁለት ሺህ ብር እከፍላለሁ ብዬ ነበር። መልስም አልሰጡኝም።

ለመሄድ ላሰበ ሰው የሚሆን ጥቂት ነገር ልጨምር፦ ከሰዓት በኋላ ይሂዱ፤ ጠዋት ብዙ ጊዜ ዝግ ነው። ጊታራችሁን ይዛችሁ ሂዱ እንጂ ሣጥኑን ብቻ አትስጧቸው፤ ሳያዳምጡ አይነኩም። ትራንስፎርመር አስቀድማችሁ አትግዙ። ጂፓስና ቴሌቪዥን አይወዱም፤ ቢቀበሉም ረጅም ጊዜ ያቆዩታል።

ያን ዕለት ሒሳቤን ከፍዬ ልወጣ ስል የሬዲዮውን የሆድ ዕቃ ወደ ፌስታሉ ልመልስ አነሣሁት፤ እጄን ይዘው አስቀመጡት። አምስቱም ቫልቮች ደኅና መሆናቸውን፣ ሁለት ካፓሲተርና አንድ የተበጠሰ ክር ብቻ እንደሚያስፈልገው፣ ያለ ክፍያ እንደሚሠሩት ነገሩኝ። ደስ አለኝ፤ አያቴ ዜና ሲሰሙ አጠገቡ ማንም እንዳይናገር ያደርጉ የነበረው ሬዲዮ ነው። ከዚያ ጣታቸውን አምፕሊፋየሬ ወዳለበት ሣጥን ቀስረው፣

«ግን ቤቱን ትመልሺለታለሽ» አሉኝ።

ይኸው ሁለት ወር ሆነው። በኮምፖርሳቶ ሌላ ሣጥን እንዲሠራልኝ ለአንድ አናጢ ነግሬያለሁ፤ እሱም ማክሰኞ ነይ ብሎኛል።